ያልጠጣሁት ውሃ

የመጀመሪያዋ ጠብታ የወደቀችው መስገጃዬ ላይ ነው። የሱብሂን ሶላት እየሰገድኩ ነበር። ከሱጁድ ቀና ስል አፍንጫዬ ባረፈበት ቦታ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ። በጣቴ ስነካት ደም ናት። አፍንጫዬን በመሐረብ ጠረግሁት፤ ከቀኝ በኩል ቀጭን ደም ወጣና ወዲያው ቆመ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ በሙቀት መንሰር ያለ ነው ብዬ ልጄን ላጠባ ተነሳሁ። አላመመኝም፣ አልደነገጥኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ይህን የምጽፈው ከራሱ ደም እያየ ለሚፈራ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምታጠባ እናት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ የሴት ልብስ ጨርቅ በሜትር የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሥራዬ መለካት ስለሆነ የደረሰብኝንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

ያኔ ልጄ ሰሚራ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበረች። የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘኋት። ባለቤቴ ጀማል ደረቅ ወደቡ ላይ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው። እናቴ ደሴ ነው የሚኖሩት፤ በሚኒባስ ዳገቱን ለመውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ብርዱ ግን ሌላ አገር የገቡ ያህል ነው።

ያቺ ጠብታ ከመውደቋ ከስምንት ቀን በፊት ጓደኛዬ ራሕማ ሽርሽር ወስዳኝ ነበር። ጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ገና አልደረቀም። ከከተማው በላይ ባለው ደን ውስጥ የእግር መንገድ አለ፤ ሦስት ፏፏቴዎችን አሳይቶ መልሶ ያወርዳል። እኔ ከወለድኩ ወዲህ ከቤትና ከሱቅ ሌላ የትም ስላልሄድኩ እግሬን አላመንኩትም ነበር። ራሕማ ሳቀችብኝ። «ወላሂ፣ አሮጊት በነጠላ ጫማ ትወጣዋለች» አለች። እውነቷን ነው። መንገዱ በጥድና በወይራ ጥላ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል፤ የሚያዳልጠው ቦታ ላይ የአካባቢው ሰዎች ድንጋይ ደርድረውበታል። የመጀመሪያው ፏፏቴ ከጉልበት አይበልጥም፤ ሁለተኛው በሁለት ተከፍሎ ይወርዳል፤ ሦስተኛው የፎቅ ቤት ያህላል። ስድስት ሴቶች ነበርን፤ እንደ ተማሪ እየተጯጯህን፣ ፎቶ እየተነሳን ወጣን። ሁላችንም የታሸገ ውሃ ይዘን ነበር። ከወንዙ አንዲት ጉንጭ የጠጣ የለም።

ሦስተኛው ፏፏቴ ሥር የዙህር ሶላት ደረሰ። ሌሎቹ ውዱእ ለማድረግ ውሃው ወደሚወርድበት ሄዱ። እኔ አዲስ ዓባያ ለብሼ ስለነበር እንዳይረጭብኝ ብዬ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ወደተኛው ውሃ ዞርኩ። የጠራ ውሃ ነው፤ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። እጄን ታጠብኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ሦስት ጊዜ በአፍንጫዬ ሳብኩ። ውዱእ ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው። «ጾመኛ ካልሆንሽ በደንብ ሳቢው፣ ኸላይ ድረስ ይሰማሽ» ይሉኝ ነበር። በደንብ ሳብኩት፤ ቅዝቃዜው ግንባሬ ድረስ ተሰማኝ። ዝርግ ድንጋይ ላይ ሰገድን፣ ምሳችንን በላን፣ ወረድን። ቤት ስደርስ ጡቴ ሞልቶ ዓባያዬን አርሶት ነበር። ሰሚራን አጠባኋት። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሆኖ እንኳ ያንን ቀን አልረግመውም።

ከመጀመሪያዋ ጠብታ በኋላ በየሁለት ቀኑ ይነስረኝ ጀመር። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ብቻ። ይህንን ያኔ ልብ አላልኩትም። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነቃ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማኛል፤ ስተፋ የጠቆረ ደም ይወጣል። ደግሞ ከአፍንጫዬ ኋላ፣ ከጉሮሮዬ በላይ፣ አንድ ነገር ቦታ የሚቀይር ይመስለኝ ነበር። ይህን ለጀማል አልነገርኩትም። ሰው ጂን ነው እንዳይለኝ ፈራሁ። አንዴ ይህ ስም ከወጣብኝ ሱቄ የሚመጣ ሰው ጨርቁን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው።

ለእናቴ ነስሩን ብቻ በስልክ ነገርኳቸው። «ምች ነው» አሉ፣ ሳይጠራጠሩ። ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫዬ አስገባሁ። አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ሁለት ቀን ደሙ ቆመ። እናቴ በስልክ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ብሶበት።

ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ግፊቴ ደህና ነው። የመረመረኝ ባለሙያ «ከወንዝ ወይም ከምንጭ ውሃ ጠጥተሻል?» አለኝ። «አልጠጣሁም» አልኩ። ጻፈ። ጠብታ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ነጭ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ሳል አፈነኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። እጄን ሳወርድ መዳፌ ቀይ ነው። ደንበኛዬ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እሸሻለሁ። በማግስቱ ሰሚራን ይዤ ደሴ ወጣሁ። እናቴ ቤት ትቻት ሆስፒታል ገባሁ።

እዚያ ያየኝ ሐኪም ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እሱም ስለ ውሃ ጠየቀኝ። እኔም ያንኑ መለስኩ። የአክታ ምርመራ አዘዘ፣ ደረቴን ራጅ ተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ ጠራኝ።

«ራጁ ደህና ነው። አክታው ላይ ቲቢ አልተገኘም። አንዳንዴ ግን ሊያመልጠን ይችላል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደግመዋለን። እስከዚያ ማስክ አድርገሽ ልጅሽን አጥቢያት። ጡት አታስጥያት።»

ይህን ሁሉ ተናግሯል። ወረቀት ላይም ጽፎልኛል፣ ዛሬም አለኝ። ከዚህ ሁሉ እኔ የሰማሁት ግን «ሊያመልጠን ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው።

ማስክ አድርጌ እናቴ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። አልገባሁም።

«ኸረ ግቢ እንጂ ከዲጃ! ምን ሁነሻል?»

«እማ፣ ሰሚራ እርስዎ ጋ ትቆይ። የዱቄት ወተት ጀማል ያመጣል።»

ሰሚራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ማስኩን አይታ ግራ ገባት። ድምፄን ስትሰማ ሁለት እጇን ዘረጋች። እኔ እጄን ከኋላዬ አደረግሁ። ዞርኩ። ስታለቅስ ሰማኋት። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ዳገቱን እየወረድን ወተቴ ፈሰሰ። ጥቁር ስለለበስኩ ማንም አላየም።

ማታውኑ ጡቴን በጨርቅ አሰርኩት። አላህ አፉ ይበለኝ፣ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጀማል ተከራከረኝ። «ሐኪሙ አጥቢ ብሎሻል እኮ» አለ። «ለሐኪሙ የራሱ ልጅ አይደለችም» አልኩት። በየሦስት ቀኑ ደሴ እየወጣሁ በር ላይ ቆሜ አያት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አለቀሰች። በሁለተኛው እጇን ዘረጋች። በአራተኛው አየችኝና ፊቷን ወደ እናቴ ቀሚስ መለሰች። ያን ቀን ከሕመሜ ሁሉ የከፋው ቀን ነው።

ደሙ አልቆመም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ጥፍሬ ነጣ። ከሰሚራ በተለየሁ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ወደቅሁ። ራሕማ በባጃጅ፣ ጀማል ደግሞ መኪና ለምኖ፣ ተቀባብለው ደሴ አደረሱኝ። ሄሞግሎቢኔ አምስት ነጥብ ስምንት፣ ከሚገባው ከግማሽ በታች ነበር። ተኛሁ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። አክታው ተደገመ፤ ቲቢ የለም።

ሰው ደስ ይለዋል። ሐኪሙ ግን አልተደሰተም። «ከሳምባሽ አይደለም ማለት ነው» አለ። «ከአፍንጫሽ ኋላ እብጠት ካለ ናሙና መውሰድ አለብን። የአንገት በላይ ሐኪም ያይሻል።» ካንሰር የሚለውን ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ለራሴ ተናገርኩት።

ጀማል አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። «ጀማል፣ አፉ በለኝ» አልኩት። በእኛ ዘንድ ሰው መንገድ ሲርቅበት ወይም ሞት ሲፈራ የበደለውን ይቅር በሉኝ የሚለው በዚህ ቃል ነው። ቢላውን አስቀመጠ። «ምኑን ነው አፉ የምልሽ? ተይ እስኪ። አብሽሪ።» ደገምኩለት። «አፉ ብያለሁ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ከሞትኩ ሰሚራ እናቴ ዘንድ እንድታድግ ቃል አስገባሁት። የእኔን ወተት ጣዕም ረስታው ይሆናል ብዬ ሳስብ አለቀስኩ። የፈራሁት ሞቱን ብቻ አልነበረም። ልጄ ጀርባዬን ብቻ አስታውሳ እንዳትቀር ፈራሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የአንገት በላይ ሐኪሙ ክፍል ወሰዱኝ። ወጣት ነው፤ ለአካባቢያችንና ለልማዳችንም አዲስ ነበር። ሲስተር ሐዋ የምትባል ነርስ አብራው ነበረች።

«ከወንዝ፣ ከምንጭ፣ ከኩሬ ውሃ ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም» አልኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ውሸት አልነበረም።

«ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?»

ደክሞኝ ነበር። ለሰው የምደብቅበት ጉልበት አልቆብኛል። «ይንቀሳቀሳል» አልኩት። «ውዱእ ሳደርግ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይንቀሳቀሳል።»

የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም፤ ግን ያልኩት አልገባውም። ሲስተር ሐዋ ናት የገባት። መሣሪያ የምታዘጋጅበትን እጇን አቁማ «ዶክተር፣ ውዱእ ላይ እኮ ውሃ በአፍንጫ ይሳባል» አለችው።

«በአፍንጫ?»

«አዎ። ሦስት ጊዜ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ ሕመም ከመጀመሩ በፊት ከቧንቧ ውጭ በሌላ ውሃ ውዱእ አድርገሻል?»

ድንጋዩ ጀርባ የተኛው ውሃ ያኔ ትዝ አለኝ። ስነግረው ሲስተር ሐዋ «ያ ረቢ» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቀጥሎ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ይህን ወንበር ሲቀመጥበት እንዳይፈራ።

የብረት ሳህን አመጡ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞሉት። ፊቴን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጌ እንድቆይ አዘዘኝ። «ጠብቂ። አትንኪው። በአፍሽ ተንፍሺ።» ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቆየ። ከዚያ መጣ። ከግንባሬ ሥር ወደ ታች ሲሳብ ተሰማኝ። ጮኼ ልነሳ ነበር። ሲስተር ሐዋ ማጅራቴን ያዘችኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። ሐኪሙ ቀና አደረገኝ። ሊዶኬይን ረጨ። አፍንጫዬ ደነዘዘ። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለውን ቀጭን ኢንዶስኮፕ አስገባ። «አየኋት» አለ። በፎርሴፕስ ቆንጥጦ ያዛት። አልጎተተም፤ እስክትለቅ ጠበቀ። ለቀቀች። ወጣች።

ሳህኑ ላይ ተዘርግታ ተላወሰች። ቡናማ ናት፣ ሆዷ አረንጓዴ ይላል። በዓይኔ ለካኋት፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር።

«አልቅት ናት» አለ ሐኪሙ። «ስትገባ ከክር አትወፍርም ነበር። ስትነክስ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ትለቃለች፤ ለዚህ ነው መድማቱ ያላቆመው። ወደ ኋላ የወረደውን ነው ጠዋት ጠዋት የምትተፊው።» ኢንዶስኮፑን መልሶ ሁለቱንም ቀዳዳ አየ። «ሌላ የለም። እብጠትም የለም።»

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። «አሁን ልጄን ማጥባት እችላለሁ?»

ወረቀቴን ወደኋላ ገልጦ የመጀመሪያውን ሐኪም ጽሑፍ አነበበ። «መጀመሪያም ትችዪ ነበር» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ኮምቦልቻ አልወረድኩም፤ እናቴ ቤት ገባሁና ማስኩን ጥዬ ምንጣፉ ላይ ከሰሚራ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖን ነበር። አየችኝ፣ አፍንጫዬን በጣቷ ነካች፣ ከዚያ እየዳኸች ወደ አያቷ ሄደች። ጡቴን ስሰጣት ገፋችው። እናቴ ይህን ሲያዩ፣ አልቅቷ እንዴት እንደገባችም ስነግራቸው፣ ጸጸት ጀመራቸው፤ «እኔ ነኝ ሳቢው ያልኩሽ፣ እኔው ነኝ» እያሉ ቀኑን ሙሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ «እማ፣ አልቅቷን ሳቢ አላሉኝም እኮ፣ ውሃውን ነው» ብዬ አሳቅኋቸው። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

ሲስተር ሐዋ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ስለነበር ደወልኩላት። ሴትየዋ ሥራዋ የአንገት በላይ ይሁን እንጂ አራት ልጆች ያጠባች ናት። ስትራብ ሳይሆን እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ሞክሪያት፤ ገላሽ ገላዋን ይንካ፤ ባትወስደውም በቀን ስምንት አሥር ጊዜ አቅርቢላት፤ ወተቱ የሚመጣው በመጥባት ነው እንጂ በመጠበቅ አይደለም አለችኝ። እናቴ ደግሞ የዱቄት ወተቱን በማንኪያ ጡቴ ላይ ጠብ እያደረጉ ሰሚራ እንድትልሰው ያደርጉ ነበር። እንዲህ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን፣ የብረት እንክብሌን በብርቱካን ጭማቂ እየዋጥኩ፣ ጎመንና ምስር እየበላሁ፣ በደሴ ጭጋግ ቀኖቹን ገፋናቸው። ጀማል ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየናል፤ «ዛሬስ?» ብቻ ይላል። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልትተኛ ዓይኗ ሲከደን፣ አፏን ከፍታ ያዘችው። ሁለት ጥርስ አብቅላ ስለነበር ነከሰችኝ። ጮኼ እንዳላስደነግጣት ከንፈሬን ነክሼ እንባዬን ለቀቅሁት፤ እናቴ በሩ ሥር ቆመው ድምፅ ሳያሰሙ አላህን ሲያመሰግኑ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ሄሞግሎቢኔ ወደ ደህና ቁጥር ለመመለስ ሦስት ወር ገደማ ፈጀበት። ዛሬ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጣቃ እሸከማለሁ።

ምስጋናዬ መጀመሪያ ለአላህ ነው። ቀጥሎ ደማቸውን ለሰጡኝ ሁለት ሰዎች፤ ስማቸውን አላውቅም፣ ሃይማኖታቸውን አላውቅም፣ መንገድ ላይ አልፈውኝ ሊሆን ይችላል። ለሲስተር ሐዋ፣ አፏን ከፍታ ስለተናገረች። ለወጣቱ ሐኪም፣ የማያውቀውን ስለጠየቀ። ለእናቴ። ለጀማል።

የምመክራችሁም ይህን ሁሉ ከፍዬ ያወቅሁትን ነው። ወደዚያ ደን ሂዱ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱ ቀላል ነው፣ ፏፏቴዎቹም ያምራሉ፣ እኔም ከዳንኩ በኋላ ከጀማል ጋር ሄጃለሁ። ነገር ግን የውዱእ ውሃ ከቤት ያዙ፤ ኡስታዛችንን ጠይቄው «ሦስት እፍኝ ውሃ መያዝ ምን ይከብዳል?» ብሎኛል። ካልያዛችሁ የሚወርደውን ውሃ እንጂ የተኛውን በአፍንጫ አትሳቡ። በአንድ በኩል ብቻ እየደጋገመ የሚነስረው ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰብኝ የሚል ካለ፣ አትሳቁበት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሐኪሙ እንደነገረኝ በቤት ውስጥ ጨው፣ ትንባሆ፣ ዳማከሴ ማስገባት አልቅቷን ወደ አየር ቧንቧ ሊሰዳት ይችላል። ሐኪም «ጠጥተሻል?» ሲላችሁ ደግሞ አልጠጣሁም ብላችሁ አታቁሙ። ፊታችሁን የነካውን ውሃ ሁሉ ንገሩት፤ እሱ የእኛን አኗኗር ሁሉ ሊያውቅ አይችልም።

ለምታጠባ እናት አንድ ነገር ይቀረኛል። የግራ ጡቴ አልተመለሰም፤ ደርቆ ቀረ። ሰሚራን ዓመት ከመንፈቅ እስኪሆናት ያጠባኋት በቀኙ ብቻ ነው። አልቅቷ ደሜን ወሰደች፤ ደሜ ተመልሷል። ያንን ወተት ግን የወሰደብኝ አልቅት አይደለም፤ እኔው በጨርቅ አስሬ ነው ያደረቅሁት። ከልጄ ጋር ልሆን የምችልባቸውን አሥራ ዘጠኝ ቀናትም ከራሴ በቀር የወሰደብኝ ማንም የለም። ሐኪም አጥቢ ካለሽ፣ ማስክሽን አድርገሽ፣ እየፈራሽም ቢሆን፣ አጥቢያት።